የታጠቡት ጥይቶች

ሰው ሽታ ሸትቶት ይደነግጣል ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን እደነግጣለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ የባሌ የአለኸኝ ሙት ዓመት ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ እየተደገፍኩ ስወጣ የሎሚና የአመድ ሽታ ሰነፈጠኝ። የልጄ የደሳለኝ ሚስት፣ ሰላም፣ ሳሎኑ መሬት ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ሁለቱን የናስ ቀለሆች በግማሽ ሎሚና በአመድ ታሻለች። እነዚያ የተተኮሱ ባዶ ጥይቶች ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንዳንድ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶባቸው ስንት ዓመት ቆመዋል። «እንግዳ ስለሚመጣ ነው እማማ፤ ጠቁረው ጠቁረው አስጠሉኝ» አለችኝ እየሳቀች። ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ሳቋ ጠፋ። «ምነው፣ ጥፋት አጠፋሁ እንዴ?» «ምን ጥፋት አለው፣ ናስ አይደል» አልኳትና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ውሸቴን ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ቀን ሙሉ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም፤ ልጆቹ ደም ግፊቴ የተነሣ መስሏቸው መድኃኒቴን ሲቆጥሩ ሰነበቱ።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር፤ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲረግጥ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዘመኑን ብትጠይቁኝ ንጉሡ ነበሩ ከማለት በቀር ልኩን አላውቀውም። ዋጋውን ግን ጠይቁኝ! አምስት ሳንቲም ስድስት ሎሚ ትገዛለች፤ ያውም ከእጅ የሚተርፍ፣ ቆዳው ስስ የሆነ የቆላ ሎሚ። በስሙኒ ቅቤ ገዝቶ ጠጉርን መቀባት፣ ለቤትም መትረፍ ነበር። ከአባቴ በረንዳ ፊት ለፊት የጠጅ ቤቱ ሸክላ ያንኑ አንድ ዘፈን ደጋግሞ ያዜማል፤ መርፌው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ስለሚሰናከል እኛም ስንዘፍነው እዚያው ቦታ ላይ እየተሰናከልን ነበር። ሎንቺናው ከእንጅባራ በኩል አቧራውን እያግተለተለ ሲመጣ ሴቱ ነጠላውን ፊቱ ላይ ይጥላል፣ ወንዱ ካኪ ኮቱን ያራግፋል። ከጠጅ ቤቱ ቀጥሎ የዓረቡ ሱቅ ነበር። አቡጀዲው፣ ፋኖሱ፣ ሰንደሉ፣ ከመስታወቱ ኋላ ደግሞ የአደን ጠመንጃ ጥይት። ቀይ የካርቶን ጥይት ነበር፣ አረንጓዴ ነበር፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ የናስ ቀለህ ነበር። ሴት ልጅ ስለ ጥይት ምን አገባት? እኔ ቀለሙን ነበር የምወደው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከዚያ ሱቅ በር ላይ ከዓረቡ ጋር ሲከራከሩ ሰማሁ። በርኖስ ለብሰዋል፤ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለም። ጥይቱን እያነሡ ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል፣ ይመልሱታል። «ይህ ለአሮጌ ነው ለአዲስ?» ይላሉ። ዓረቡ «ወላሂ ለሁሉም ይሆናል» ይላል። «ለሁሉም የሚሆን ለማንም አይሆንም» ብለው ባዶውን የናስ ቀለህ ብቻ ገዝተው ሄዱ። ሳቅሁባቸው። በዓመቱ ሽማግሌ ልከው ለልጃቸው ለአለኸኝ አጩኝ። ያን ቀን አባቴ ዘንድ ኮት ሊያሰፉ ገብተው እኔንም አይተውኝ ኖሯል።

በፈረስ ጭነው ወሰዱኝ፤ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ቀርቀሃ አጥር ያለው ግቢ፣ ጉሙ እስከ አምስት ሰዓት የማይነሣበት አገር። ቤተሰቡ እርስ በርሱ አገውኛ ነው የሚያወራ፤ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፣ ሲቸኩሉ ይረሱኛል። ሙሽራ ደግሞ የአማቶቿን ስም በአፏ አትጠራም፤ ነውር ነው። እሳቸውን «አባባ» እላለሁ፣ የባሌን እናት «እሜቴ»። እሜቴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያውቁ ሴት ነበሩ። የሚቆጡኝ በአገውኛ ነበር፤ ቃሉን ባልረዳው እንኳ ሆዴ ይረዳው ነበር። ፈራኋቸው። እንዲወዱኝ ስል የማልሠራው ሥራ አልነበረም፤ ያልታዘዝኩትን ሁሉ ሠርቼ እገኝ ነበር። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

የአባባ ጠመንጃ ባለ ሁለት አፍ ነበር፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከአንድ ግሪክ በሰጋር በቅሎ ለውጠው ያገኙት። ብረቱ እንደ ተፈተለ ገመድ የተጠማዘዘ፣ ዝንጉርጉር፣ ሲያዩት የሚያምር ነው። ዝንጀሮና ከርከሮ ድንቹን እንዳይጨርሱት የሚጠብቁት በእሱ ነው። ታዲያ ይህ ጠመንጃ ያገኘውን ጥይት አይጎርስም። በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ስለሆነ ለዘብ ያለ ጥይት ይፈልጋል፤ አዲሱ፣ ጭስ የሌለው ባሩድ ከበረታበት ብረቱ ይሰነጠቃል። «ሽማግሌ ጥሬ አይቆረጥምም» ይሉ ነበር አባባ፣ ጠመንጃውን እየወለወሉ። ስለዚህ ባዶ ቀለህ ገዝተው ጥቁሩን ባሩድ በልኩ ራሳቸው ይሞሉታል። በዚያ ቀን ሴትም ልጅም ከቤት ይወጣል፤ ምድጃው ይጠፋል፤ በር ይዘጋል። ምን እንደሚያደርጉ ከእሳቸው በቀር ያየ የለም፣ እኔማ ጭራሽ።

ከበሩ በላይ አንድ የተሰነጠቀ አሮጌ የጠመንጃ ብረት ተሰክቶ ነበር፤ እንደ ሙዝ ልጣጭ ወደ ኋላ የተገለበጠ። የቀድሞው ጠመንጃቸው ነው። ሁለቱን ጣት የበላው እሱ ነው። እንግዳ በጠየቃቸው ቁጥር «አፉ ጭቃ ገብቶበት ሳላይ ተኮስኩ፤ የራሴ ጅልነት ነው» ብለው ይስቃሉ። እሜቴ ያን ጊዜ ሁልጊዜ ከቤት ይወጡ ነበር። ደም ማሰብ የማይወዱ ይመስለኝ ነበር።

በተጋባን በዓመቱ አባባ በሳንባ ምች ታመው ዐረፉ። አርባ ቀን ሙሉ የተዝካሩ ነገር ነበር ወሬያችን። በእኛ አገር የጠመንጃ ባለቤት ሲሞት፣ በተዝካሩ ቀን በኩር ልጅ የአባቱን ጠመንጃ አንሥቶ ሕዝብ ፊት ይተኩሳል፤ ጠመንጃውም ቤቱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእሱ ነው። ሳይተኩስ የቀረ ልጅ እስኪሞት ስም ይወጣለታል። ዘመድም ባዶ እጁን አይመጣም፤ እንጀራ የሚያመጣው እንጀራ፣ ጠላ የሚያመጣው ጠላ፣ ጠመንጃ ያለው ደግሞ ጥይት ያመጣል። የአባባ ታናሽ ወንድም አያ ዘለቀ፣ ግምጃ ቤት የሚባለው ከተማ የሚኖሩ፣ አዲስ ጠመንጃ ያላቸውና ከአፋቸው ጉራ የማይጠፋ ሰው፣ ሳምንት ቀደም ብለው አምስት የናስ ጥይት ላኩ። «እንጅባራ ድረስ የሚሰማ ነው በሏቸው» ብለው። እሜቴ የአባባ ሰባት ጥይቶች ካሉበት ሙዳይ ውስጥ ጨመሯቸው። አሥራ ሁለት ሆኑ።

ከተዝካሩ በፊት ባለው ቀን የቤቱን ዕቃ ሁሉ አጠብኩ። ድስቱን፣ ዋንጫውን፣ የፈረሱን ኮርቻ ናስ ሳይቀር በሎሚና በአመድ ፈተግሁ። ሙዳዩን ስከፍት ጥይቶቹን አገኘሁ። ጠቁረዋል። ሰባቱማ አፋቸው ዙሪያ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሰም ተለጥፎባቸዋል። ነገ ባሌ ዝናሩን ደረቱ ላይ ሲያስር ይህ እድፍ ሊታይ ነው? የከተማ ሙያ አሳያቸዋለሁ ብዬ አንድ በአንድ ፋቅሁ፣ ፈተግሁ፣ በጨርቅ ወልውዬ ሰፌድ ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው። አሥራ ሁለት ሙሽሮች! እሜቴ ሲያዩ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ደስታዬን አልቻልኩትም።

አለኸኝ ለዳሱ የሚሆን ቀርቀሃ ተሸክሞ በጓሮ ሲያልፍ፣ ዞር ሳይል፣ «አንቺ፣ ከሙዳዩ ጥቁር አንገቶቹን ለይተሽ ዝናሩ ላይ ሰክተሽ አስቀምጪልኝ» አለ። «ጥቁር አንገት ምንድን ነው?» አልኩት። «የአባባ ናቸው። ለስላሶቹ። ምልክት አድርገውባቸዋል። የአያ ዘለቀን እንዳትቀላቅይ፤ እነዚያ በእኛ ጠመንጃ ቢተኮሱ ዓይኔንም እጄንም አታገኚውም» ብሎ እየሳቀ አለፈ።

ቆሜ ቀረሁ። ሰፌዱ ላይ አሥራ ሁለቱም ያበራሉ። አነሣሁ፣ አገላበጥኩ፣ እንደ አባባ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁ፤ ሁሉም አንድ ነው የሚሉኝ። ልንገረው? «የአባቴን ምልክት ያጠፋሽ» ቢለኝስ? ነገ ሦስት መቶ ሰው ሊመጣ፣ ቄሱ፣ ፈረሰኛው፣ አያ ዘለቀ። ዝም ብዬ ሰባቱን አንሥቼ ብሰካለትስ? ዕድል ካለኝ የአባባን አነሣለሁ። ዕድል ከሌለኝስ? የባሌ ዓይን ታየኝ። ቡናማ ነበር፤ ሲስቅ የሚጠበብ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ይህንንም ለጥቂት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ከኀፍረት ዕድሉን ልሞክር ብዬ አስቤዋለሁ። ኋላ ጓዳ ገብቼ ሰፌድ የምሰፋበትን ወስፌ አወጣሁና የአንዱን ጥይት አፍ ፈለቀቅሁ። የእርሳሱ ፍሬ እንደ ጎመን ዘር መሬት ላይ ተበተነ። ውትፍ ጨርቁን ሳወጣው ከሥሩ ቢጫ፣ ስስ ስስ ቅንጣት ፈሰሰ። የአባባ ባሩድ ጥቁር እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ይኸው አንዱን ገዳይ አገኘሁት፤ የቀሩት አራቱ ከሰባቱ ጋር ተቀላቅለው እየሳቁብኝ ነው። እንደገና ልዘጋው ብሞክር አልዘጋ አለኝ።

ቀና ስል እሜቴ ከፊቴ ቆመዋል። ወስፌውን አዩ፣ እርሳሱን አዩ፣ ሰፌዱን አዩ። አሥራ አንዱን የሚያበሩ ጥይቶች ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዱላ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። «ሁሉንም እከፍትና እለያቸዋለሁ» አልኳቸው እያለቀስኩ። «ከፍተሽ የምትዘጊው ስልቻ አይደለም። እጅሽን ይዞት ይሄዳል» አሉ በአማርኛ፣ በቀስታ። ቀጥለው «ማን አየሽ?» አሉኝ። «ማንም፣ እሜቴ።» «እንግዲያው ማንም አላየሽም።» ጥይቶቹን ጠቅልለው በቀሚሳቸው ሥር ይዘው ወጡ፤ ማታ አለኸኝ ሲጠይቀኝ «እሜቴ ጋ ናቸው» አልኩት።

በማግስቱ ጉሙ ሳይነሣ ፈረሰኛው ደረሰ። ዳሱ ሞላ። አለኸኝ አባቴ የሰፋለትን ካኪ ኮትና ተፈሪ ሱሪ ለብሷል። አልቃሿ፣

«ጠመንጃህ ተሰቅሎ ዝም ብሎ ያያል፣
ጌታው ሳይመለስ ማን ያናግረዋል»

ስትል ሰው ሁሉ ወደ አለኸኝ ዞረ። ተነሥቶ ጠመንጃውን አወረደ። ዝናሩ ባዶ ነው። «እማዬ፣ ጥይቱስ?» አለ። እሜቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አያ ዘለቀ ሳቅ አሉና ከኪሳቸው ሁለት የናስ ጥይት አውጥተው «እንካ! ወንድ ልጅ ጥይት ከእናቱ ይለምናል እንዴ?» አሉት። ሰው ሳቀ። የአለኸኝ ጆሮ ቀላ። ጥይቶቹን አየ፤ የማን እንደሆኑ ያውቃል፣ ምን እንደሚያደርጉም ያውቃል። ሦስት መቶ ሰው ግን ያየዋል። ጠመንጃውን ከፈተ። አንዱን አጎረሰ። ሁለተኛውን አጎረሰ። ክርችም አድርጎ ዘጋው። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ቆሜያለሁ፤ «ተው!» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ አላልኳትም። ይህን ነው ስድሳ ዓመት የማስበው። ጥይቱን ማጠቤን ሳይሆን ይህን።

እሜቴ ናቸው የወጡት። ሴት ከማትሻገርበት ከወንዶቹ መሐል ገብተው ሁለቱን አፈሙዝ በእጃቸው ጨብጠው ወደ ምድር ደፉት። «አይተኮስም» አሉ።

«የወንድሜ ጥይቶች የት ሄዱ?» አሉ አያ ዘለቀ።

«አጥቤያቸዋለሁ። ምልክቱን አጥፍቼዋለሁ። ለስላሳውን ከብርቱው የሚለይ የለም።»

«ለሰርግ ነው ያጠብሽው?» አሉ አያ ዘለቀ፤ ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እሜቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «የዛሬው ሁለተኛዬ ነው» አሉ። «ሙሽራ ሳለሁ ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ አሮጌውንና አዲሱን ጥይት አንድ ላይ አጥቤ ደባለቅሁበት። ጭቃ አልነበረም። ጣቱን የበላሁት እኔ ነኝ። ሃያ አምስት ዓመት ጭቃ ነው እያለ ሸፈነኝ። አሁን ደግሞ ልጁን አልበላም።» አንድ ሽማግሌ ቄስ ተነሥተው «ለነፍስ የሚደርስላት ጸሎት ነው፣ ባሩድ አይደለም» አሉና ፍትሐቱ ቀጠለ። ጠመንጃው ሳይናገር ቀረ።

ሰው ዝም ያለው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እሜቴ ገበያ ሲወጡ «ጥይት አጣቢዋ» ይሏቸው ነበር፤ አንዴም አይደል፣ ሁለቴ ያጠበች! አለኸኝም «እናቴ ወንድነቴን በአመድ ፈተገችው» እያለ እስኪሞቱ ድረስ ቅሬታ ይዞባቸው ኖረ። በሳምንቱ አሥራ አንዱን ጥይትና የአያ ዘለቀን ሁለቱን ይዘን ከእሜቴ ጋር ወደ ዘንገና ወረድን። አንድ በአንድ ወረወሯቸው፤ ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ድምፅ እንኳ አልሰጠም። «ለምን እሜቴ? እኔው ነኝ እኮ» አልኳቸው። «እሱ ለእኔ ይህን ያህል ዘመን ዝም ካለልኝ እኔ ላንቺ አንድ ቃል ያቅተኛል?» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንሥተውት አያውቁም። እኔም ለአለኸኝ ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ እያልኩ እሳቸውንም ቀበርኩ፣ እሱንም ቀበርኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ጠመንጃው ኋላ መሣሪያ ሲሰበሰብ ተወሰደ። የቀሩን አባባ በሕይወት ሳሉ የተኮሷቸው ሁለት ቀለሆች ናቸው።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። እንግዳው በባጃጅም በእግሩም መጣ፤ ቤቱ ሞላ። የፈራሁት አልቀረም፤ ከምሳ በኋላ ደሳለኝ የሚያበሩትን ቀለሆች አንሥቶ «የአያቴን ጉድ ልንገራችሁ» ብሎ ጀመረ። በየዓመቱ ይነግረዋል፤ ቀልድ ሆኗል። አያ ዘለቀን አስመስሎ «ለሰርግ ነው ያጠብሽው?» ሲል እንግዳው ሳቀ። ሰላም ብቻ አልሳቀችም፤ እኔን ታያለች።

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ደገምኩት። «አይደለም ልጄ። እሜቴ ያጠቡት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አባትህ ጠመንጃውን ሲያጎርስ ቆሜ ያየሁትም እኔ ነኝ። እሳቸው ወጡ፣ እኔ ቀረሁ።»

ደሳለኝ ቀለሆቹን ቦታቸው መለሳቸው። ሰላም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በመጨረሻ ከጥግ የተቀመጡት ቄስ፣ የዛሬ ሰው ናቸው፣ እሜቴን አያውቋቸውም፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «በጸሎት እናስባቸው እንግዲህ፤ ማን ይባሉ ነበር?» አሉ። ደሳለኝ ወደ ሰላም፣ ሰላም ወደ እሱ ተያዩ። ከ«ጥይት አጣቢዋ» በቀር ስማቸውን የነገራቸው የለም፤ እኔም በሕይወቴ ሙሉ በአፌ ጠርቼው አላውቅም።

«ብርቅነሽ» አልኩ። «ብርቅነሽ ይባሉ ነበር።»